ባላንጣቸውን ከቁርባን የመለሱት ቄስ

ቄስ ጥላዬ ማረፋቸውን የሰማሁት ከደብረ ብርሃን ወደ ሞላሌ በሚሄድ አውቶቡስ ውስጥ፣ ከኋላዬ ከተቀመጡ ሁለት ሴቶች ወሬ ነው። ሴቶቹን አላውቃቸውም።

«ማን ናቸው ያልሽኝ?»

«እኒያ ተቆጪው ቄስ ናቸዋ! ዘውዴን በፍልሰታ ከቁርባን የመለሱት።»

«እሳቸው ናቸው? ነፍስ ይማር። ክፉ ሰው ነበሩ አሉ።»

«ማን አለሽ? ክፉስ አልነበሩም።»

«ደግ ቄስ ታዲያ ሰውን ከመቅደስ ደጅ ይመልሳል?»

ዞር ብዬ ልናገር ፈለግሁ፤ ግን ተውኩትና ወደ መስኮቱ ዞርኩ። የቄስ ጥላዬ ነገር ለመንገድ ወሬ አይሆንም። ከመጀመሪያው ካልጀመሩት አይገባም፤ ከመጀመሪያው ከጀመሩት ደግሞ ሞላሌ ተደርሶም አያልቅ።

አጭር፣ ቀጭን፣ ሁልጊዜ የሚጣደፉ ሰው ነበሩ። ያኔ እኔ ሞላሌ ከተማ አስተማሪ ነበርኩ፤ ከከተማው ወጣ ብላ ባለች የማርያም ደብር ደግሞ በዲቁና አብሬያቸው አገለግል ነበር። የሚቆጡት ለሁሉም እኩል ነው። ያረፈደ ዲያቆን፣ ጫማውን ቅጽረ ግቢው መሃል የጣለ ምእመን፣ በስብከት መሃል የሚያስነጥስ ሽማግሌ ሳይቀር አይምሩትም። ቅዳሴው ሲያልቅ ግን ያንኑ የተቆጡትን ሰው ጠርተው ከኪሳቸው ቆሎ ይዘግኑለታል። ቂም መያዝ አያውቁበትም፤ ከአንድ ሰው በቀር። እሱን እደርስበታለሁ።

ሌላም አመል ነበራቸው። ሲያነጋግሩህ በሁለት ጣታቸው አገጭህን ይይዙና ፊትህን ወደ ብርሃን ያዞሩታል። «እስቲ ክፈት» ይላሉ። በግ ሊገዛ የመጣ ሰው ጥርስ እንደሚያየው አፍህን አይተው፣ «ደህና ነህ፣ ሂድ» ብለው ይለቁሃል። የገበያ ሰው ይስቅባቸው ነበር። «ቄሱ ዕድሜያችንን አይተው ሊሸጡን ነው» ይላል። እኔም ከሚስቁት አንዱ ነበርኩ፣ የአመሉን መነሻ እስክሰማ ድረስ።

መነሻው ባለቤታቸው ወይዘሮ አጸደ ናቸው። ጉንጫቸው ውስጥ አንዲት ቁስል ወጣች። «ምች ነው» ተባለ። በእኛ አገር አፍና ከንፈር ላይ የሚወጣ ነገር ሁሉ ምች ነው። ዳማከሴ ታሽቶ ተጨመቀላቸው። ቁስሏ ስለማታምም ማንም አልቸኮለም፤ እሳቸውም እንግዳ ማስተናገዳቸውን፣ ሱፍ መፍተላቸውን አላቆሙም። ወራት አለፉ። ጠበል ተገባ። ጉንጫቸው አብጦ አፋቸው አልከፈት ሲል ነው ሆስፒታል የተደረሰው፤ ከዚያም አዲስ አበባ ተላኩ። ሐኪሙ አየና ቄስ ጥላዬን ወደ ውጭ ጠርቶ፣ «አባቴ፣ ይህ ነቀርሳ ነው። ምነው ትንሽ ሆኖ ሳለ ብታመጧቸው ኖሮ» አላቸው።

ቄስ ሚስቱ ብትሞት ሌላ አያገባም። ቄስ ጥላዬ ከዚያ ወዲያ ወጣቸውን ራሳቸው እየሠሩ፣ ልብሳቸውን ራሳቸው እያጠቡ ለብቻቸው ኖሩ። አንድ ጊዜ አንድ ሰው ሊያጽናናቸው ብሎ፣ «ያዘገያችሁ ጠበሉ ነው» ቢላቸው ከተቀመጡበት ዘለው ተነሱ።

«ጠበሉ ምን አደረገ? ሐኪም ቤት እንዳትሄዱ ብሎ ተናገረ? ያልሄድነው እኛ ነን!»

ያ ሐኪም የነገራቸውን ቃል በቃል ያዙት። ዝክር ላይ ይናገሩታል፣ ለቅሶ ላይ ይናገሩታል፣ ፍታት ጨርሰው መቋሚያቸውን ተደግፈው ይናገሩታል። አፍ ውስጥ የወጣ ቁስል በሁለት ሦስት ሳምንት ካልዳነ፣ ነጭ ወይ ቀይ ነገር ከታየ፣ እባጭ ካለ፣ ሐኪም ይየው። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ የምትውሉ ገበሬዎች የታችኛው ከንፈራችሁን ተመልከቱ። አረቄ የምታበዙም፣ ተደብቃችሁ የምታጨሱም፣ ሰምታችኋል። «የሚያመውስ ራሱ ይጮሃል» ይሉ ነበር። «እኔ የምፈራው ዝም ያለውን ነው።»

አንዲት ሴት ልከዋት ሞላሌ ጤና ጣቢያ ደርሳ ስትመለስ፣ «ለጥርስ ነው ያን ሁሉ መንገድ ያስኬዱኝ!» ብላ ጮኸችባቸው። «ተመስገን! ለጥርስ ከሆነ ምን ያስቆጣሻል?» ብለው እንደ ሠርግ ቀን ደስ አላቸው።

አሁን ወደ አቶ ዘውዴ ልምጣ።

አቶ ዘውዴና ቄስ ጥላዬ መሬታቸው የሚዋሰን፣ በልጅነት አብረው ያደጉ፣ እስከ እርጅና «አንተ» የሚባባሉ ሰዎች ነበሩ። በመካከላቸው አንዲት ጠባብ የገብስ ቁራሽ አለች። ወሰኑን የሚለየው የድንጋይ ካብ አንድ ክረምት ፈረሰ፤ ሲካብ ቦታውን ለቀቀ። ማን ወዴት እንዳስጠጋው እስከ ዛሬ አይታወቅም። እዚያ ላይ ክስ ተነሳ። የቀጠሮ ቀን ሞላሌ ፍርድ ቤት ሲወጡ፣ አንደኛው በመንገዱ ቀኝ ጠርዝ፣ ሌላኛው በግራው፣ አንዲት ቃል ሳይለዋወጡ ጎን ለጎን ይሄዳሉ። የሚገናኙበት ሌላ ቦታ ቢኖር ቤተ ክርስቲያን ብቻ ነበር። አቶ ዘውዴ ቆራቢ ናቸው። ባላንጣቸው ቢያቆርባቸውም ሥጋው የጌታ ነው ይሉ ነበር።

ያ ፍልሰታ ጉሙ ከፊታችን የማይነሳበት ነበር። በፍልሰታ ቆራቢው በየቀኑ ይመጣል። ቄስ ጥላዬ ሥጋውን ያቀብላሉ፣ እኔ አጠገባቸው ቆሜ በዕርፈ መስቀሉ ደሙን አቀብላለሁ። በጾሙ መጀመሪያ ላይ አንድ ቀን፣ አቶ ዘውዴ ተራቸው ደርሶ ሲቀርቡ የቄስ ጥላዬ እጅ አየር ላይ ቀጥ አለ። ለቅጽበት ነው። ከዚያ አቆረቧቸው። አቶ ዘውዴ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ሄዱ።

ሁላችንም ስንወጣ ቄስ ጥላዬ ቤተ ልሔሙ ጥግ አስቆሙኝ። ፊታቸው ተለዋውጦ ነበር።

«ብርሃኑ፣ የዘውዴን አፍ አየኸው?»

«አላየሁም አባቴ።»

«ከምላሱ ጎን ነጭ ነገር አለ። መሃሉ ቀልቷል።» ወዲያው እጄን ጨበጥ አደረጉኝ። «ይህንን ለማንም እንዳትናገር። የዚህ በሽታ ስም ሰው ፊት ከተጠራ ከሱ ጋር ማዕድ የሚቀርብ አይገኝም። ልጁም ታጭታለች።»

«ታዲያ ለሳቸው ይንገሯቸዋ።»

«እኔ? እኔን ይሰማኛል?»

ቢሆንም ሄዱ። እኔንም ይዘውኝ ሄዱ። አቶ ዘውዴ ደጃቸው ላይ ቆመው ጠበቁን፤ ግቡ አላሉንም።

«ዘውዴ፣ ለነገር አልመጣሁም» አሉ ቄስ ጥላዬ።

«ለነገር ካልሆነ ምን አመጣህ?»

«አፍህ ውስጥ ቁስል አለ።»

«ጥርሴ ናት። የተሰበረች ጥርስ አለችኝ፤ እሷ እየላጠችኝ ነው።»

«ያምሃል?»

«አያመኝም። ምን አገባህ?»

«ባያምህ ነው የመጣሁት። እባክህ ሐኪም ይይህ። አጸደም አላመማትም ነበር።»

አቶ ዘውዴ በጣታቸው ጉንጫቸውን ነካ አደረጉ። የሚሰሙ መሰለኝ። ከዚያ ዓይናቸው ጠበበ።

«ገባኝ። እኔ ከሆስፒታል ሆስፒታል ስንከራተት የጥቅምት ቀጠሮ ያልፋል። ችሎት ሳልቀርብ መሬቱን ልትረታ! ሟርተኛ! የራስህን ሚስት የቀበርክ አንሶህ የኔን ሞት ልታይ መጣህ!»

ቄስ ጥላዬ ሲቆጡ ስንት ጊዜ አይቻለሁ። ያን ቀን ግን አልተቆጡም። አጎንብሰው ዞሩ። መንገዱን አጋምሰን ነው የተናገሩት።

«እሱ ከልጅነቱ እንዲህ ነው። በለዘብታ የነገሩት አይገባውም። ካላናደዱት ከቦታው አይነቃነቅም።»

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ለኔ ጭንቅ ነበሩ። አቶ ዘውዴ በየቀኑ ይመጣሉ፤ ያ ነጭ ነገርም በየቀኑ አለ። ቄስ ጥላዬ ቅዳሴው ሲያልቅ ወደኔ ያያሉ፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ምች ቢሆን በዚህ መሃል በዳነ። ጥርስ የላጠው ቢሆን በሻረ ነበር። ጾሙ ከተፈታ ደግሞ አቶ ዘውዴ ወደ እርሻቸው ይመለሳሉ፤ ለባላንጣቸው አፋቸውን እንደገና የሚከፍቱት መቼ እንደሆነ እግዜር ይወቅ። ምናልባት ለፋሲካ። በዚያን ያህል ጊዜ ውስጥ ወይዘሮ አጸደ ምን እንደሆኑ ሁለታችንም እናውቃለን።

የጾሙ የመጨረሻ ቀን ቤተ ክርስቲያኑ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። አቶ ዘውዴ ቀረቡ። ቄስ ጥላዬ አዩና እጃቸውን ሥጋው ወዳለበት ጻሕል መለሱ።

«ዘውዴ፣ ዛሬ አላቆርብህም።»

ቀስ ብለው ነው ያሉት፤ ግን በዚያ ጸጥታ ማን ሳይሰማው ይቀራል?

«ምን በደልኩ?»

«አልበደልክም። ሂድና አፍህን ለሐኪም አሳይ። አሳይተህ ስትመጣ፣ ሐኪሙ ያለህ ምንም ይሁን ምን፣ በዚህች እጄ አቆርብሃለሁ።»

አቶ ዘውዴ ነጠላቸውን ሰብስበው በሕዝቡ መሃል ሰንጥቀው ወጡ። ከሴቶቹ በኩል አንድ ለቅሶ ተሰማ፤ ባለቤታቸው ይመስሉኛል። ቄስ ጥላዬ ቀጣዩን ቆራቢ ጠሩ። የቀረውን ሕዝብ አቁርበው ጨረሱ።

ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ አቶ ዘውዴንም አስጠርተው ግቢው ውስጥ ተቀመጡ። የመሬቱን ክስ የማያውቅ አልነበረም፤ ስለዚህ ምክንያቱን ሁሉም በልቡ ይዞ ነው የመጣው። የሰበካ ጉባኤው ሊቀ መንበር ጠየቁ።

«ለምን መለሱት?»

«አፉ ላይ ያየሁት ነገር አለ። ለራሱ ነግሬዋለሁ፤ ለናንተ አልናገርም።»

«ደም ነበረው ወይ?»

ደም የሚፈሰው ሰው አይቆርብም፤ «አዎ» የምትለው አንዲት ቃል ነፃ ታወጣቸው ነበር። ጎንበስ ብዬ፣ «አባቴ፣ እኔ አይቻለሁ ልበልልዎ?» አልኳቸው። በዓይናቸው ገረፉኝ።

«ለኔ ብለህ በታቦት ደጅ ልትዋሽ?» ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ደም አልነበረውም» አሉ።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። የቤተ ክህነት ውሳኔ እስኪመጣ ድረስ ቄስ ጥላዬ መቅደስ እንዳይገቡ ተባለ። አቶ ዘውዴ በንዴት ተነሱ።

«ሐኪም ቤት እሄዳለሁ! ምስክር ይሰጠኝ። ሐኪሙ ደህና ነህ ሲለኝ የዚህን ሰው ጥምጣም ሕዝብ ፊት አስፈታዋለሁ!»

«መቼ ነው የምትሄደው?» አሉ ቄስ ጥላዬ።

«ነገ!»

«ነገ ጥሩ ነው።»

ሕዝቡ ጉድ አለ። ዕብሪት መሰለው። እኔ ግን ያን ጊዜ ፊታቸውን አይቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ እፎይታ በሰው ፊት ላይ አይቼ አላውቅም።

ምስክር ሆኜ የተላክሁት እኔ ነኝ። ደብረ ብርሃን የደረስነው በማግስቱ በዓሉ ሳለ ነበርና ሆስፒታሉ ተረኛ ሐኪም ብቻ ነበረው፤ አድረን ጠዋት ተመለስን። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። ጓንት አድርጋ የአቶ ዘውዴን ምላስ በጨርቅ ይዛ ጎተት አደረገች፣ ጎኑን ዳሰሰች፣ ከአገጫቸው ሥር እስከ አንገታቸው በጣቶቿ ወረደች።

«አባባ፣ ከወጣ ምን ያህል ጊዜ ይሆነዋል?»

«ጥርሴ ናት እኮ። ጥርሴን ንቀይልኝና ልሂድ።»

«ጥርሱ ይነቀላል። ይህ ግን ናሙና ተወስዶ መመርመር አለበት። አንገትዎ ላይ እባጭ የለም፤ ይህ ጥሩ ነው። ነቀርሳ ቢሆን እንኳ ገና ትንሽ ነው። በጊዜ ነው የመጡት። ማን ላከዎት?»

አቶ ዘውዴ ፊታቸውን አዞሩ። ግድግዳውን ያያሉ። ሐኪሟ ወደኔ ዞረች፤ እኔም ወደሳቸው አመለከትኳት።

«የከሰስኩት ሰውዬ» አሉ በመጨረሻ።

አቶ ዘውዴ እዚያው ቀርተው እኔ ስመለስ ቄስ ጥላዬን ከግቢው በር ውጭ፣ ከምእመናኑ ጋር ቆመው አገኘኋቸው።

«ሄደ?»

«ሄዱ።»

«አሳየ?»

«አሳዩ።»

ሐኪሟ ምን እንዳለች አልጠየቁኝም። ምስጢሩ የአቶ ዘውዴ ነው እንጂ የሳቸው አይደለም። ሰማይ ሰማዩን አዩና በጥምጣማቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

የናሙናው መልስ ነቀርሳ ነው አለ። አቶ ዘውዴን አዲስ አበባ ወስደው የምላሳቸውን ጠርዝ ቆረጡላቸው። ይህን የምናውቀው እኔና ቤተሰባቸው ብቻ ነን፤ አቶ ዘውዴ እስኪመለሱ እንዳልናገር አስምለውኛል፤ ለሽማግሌዎቹም «ራሳቸው ሲመጡ ይናገራሉ» ብያቸዋለሁ። አገሩ የሚያውቀው አቶ ዘውዴ እንደሄዱ መቅረታቸውን ነው። «ቄሱ ረገመው» ተባለ። ቄስ ጥላዬ መስቀላቸውን ሲዘረጉ ሰው ሌላ መንገድ ይይዛል። የንስሐ ልጆቻቸው አንድ በአንድ ለቀቋቸው። አንድ እሑድ ዝናብ ላይ ቆመው ቅዳሴ ሲሰሙ ሳይ አላስቻለኝም።

«አባቴ፣ ልናገርና ይብቃዎት» አልኳቸው።

«ምላስህን ይቆልፈው!» አሉኝ። ከዚያ ለዘብ ብለው፣ «እኔ ብርድ ነው የሚመታኝ። ብርድ ያልፋል» አሉ።

ጥቅምት ላይ ቀጠሮው ደረሰ። ቄስ ጥላዬ ለብቻቸው ሞላሌ ወጡ። ዳኛው ተከራካሪው አለመቅረቡን አይቶ ምን እንደሚጠይቁ ጠየቃቸው። «ባላንጣዬ ታሟል፣ ይቀጠርልኝ» አሉ። ከፍርድ ቤት ሲወጡ ያገኘኋቸው እኔ ነኝ። «መሬቱን ልተውለት ብዬ እንዳይመስልህ» ብለው ተቆጡኝ፣ ምንም ሳልናገር።

በኅዳር ጽዮን አቶ ዘውዴ መጡ። ከስተዋል፤ ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበዋል። ቅዳሴው እንዳለቀ ሽማግሌዎቹ እንደገና ተቀመጡ። ሕዝቡ አልበተን አለ። ቄስ ጥላዬ ከዳር ቆመዋል። ጥምጣማቸው ሲፈታ ሊያይ የመጣም ነበር፣ ከፊት ከፊት ቦታ የያዘ።

አቶ ዘውዴ ተነሱና ነጠላውን ከአፋቸው አወረዱ። ምላሳቸው አጥሯል፤ ቃሉ ወፍሮ ተጎትቶ ነው የሚወጣው። ሰው ሁሉ ለመስማት ወደፊት አዘነበለ።

«አፌ ላይ ነቀርሳ ነበረብኝ» አሉ። «ስሙን የምጠራው እኔ ነኝ። እሱ ለማንም አልጠራብኝም። ሐኪሞቹ ቆርጠው አወጡልኝ፤ ትንሽ ሳለ ስለደረሱበት ድኛለሁ። ቢቆይ ኖሮ ዛሬ የተሰበሰባችሁት ለተዝካሬ ነበር። ወደ መቅደሱ መልሱት።»

ሊቀ መንበሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። እንግዲያው ስለ መሬቱም ይቅር ተባባሉና ይለቅ።»

«መሬቱ ሌላ ነው!» አሉ አቶ ዘውዴ። ያ የተቆረጠ ምላስ ድንገት ኃይል አገኘ። «መሬቱን እከሰዋለሁ። እስክሞት እከሰዋለሁ! እስክሞት ብዙ ጊዜ የሰጠኝ ራሱ ነው፤ ምን ላድርግ!»

ቄስ ጥላዬ ከዳር መጡ። እንባቸው በጢማቸው ላይ ይወርዳል። አቶ ዘውዴ ዘንድ ደርሰው በሁለት እጃቸው ትከሻቸውን ያዙ።

«ወሰኑ ግን የኔ ነው፣ ዘውዴ» አሉና አቀፏቸው።